በስምንት የተቆጠረ ልደት

ሮሐ ሰውን ከስሙ በፊት በልደቱ ቀን የምታስታውስ ልጅ ናት። ሥራዋ አስለምዷት ነው። አባቷ ጋሼ ጉግሳ ውጭ አገር፣ ሐበሻ በሚበዛበት በፌርፋክስ ጎዳና፣ በአንድ ሥጋ ቤትና በአንድ የሐበሻ ልብስ መደብር መካከል፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ቢሮ አላቸው። የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺ ወረቀት ይተረጉማሉ፤ ፎርም ይሞላሉ፤ የፓስፖርት ፎቶ ያነሣሉ። «ከጋሼ ጉግሳ እጅ የወጣ ወረቀት አይመለስም» ይላል የሰፈሩ ሰው። እውነትም ተመልሶ አያውቅም።

ሮሐ ኮሌጅ ጨርሳ ከእሳቸው ጋር መሥራት ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆናት። የእኛን ቀን ወደ ፈረንጁ ስትመልስ ሰንጠረዥ አታይም። ፈረንጅ አዲስ ዓመቱን እስኪያከብር ሰባት፣ ካከበረ በኋላ ስምንት ይደመራል። ጳጉሜ ስድስት ከሆነች ደግሞ በማግስቱ ዓመት ቀኑ አንድ ይገፋል። ቀስቅሰው ቢጠይቋት ሳታዛጋ ትመልሳለች።

ፍሬአብ ወደ ቢሮው የገባው በኤፕሪል አንድ ማክሰኞ፣ ፓስፖርት ሊያሳድስ ነው።

«ሳቅህን ሰብስብ» አለችው ከካሜራው ጀርባ።

«አልሳቅሁም። ፊቴ ነው።»

«ጥርስ ከታየ ይመልሱታል።»

ከንፈሩን ገጠመ። ዓይኑ ግን አልታዘዘም። ሦስት ጊዜ አነሣችው፤ ሦስቱም አልሆኑም።

«ጥፋቱ ያንቺ ነው» አለ። «እንደ ጥርስ ሐኪም ነው የምታዪኝ።»

ረጅም፣ ጠይም ልጅ ነው። ፀጉሩ እንደ እኛው ጥቅልል፣ ዓይኖቹ ግን ቀጠን ብለው ወደ ጆሮው የሚሸሹ። ቀና ብላ ስታየው ቀደማት።

«ጠይቂ፣ ለምጄዋለሁ። ‹ፈረንጇ እናትህ ናት ወይስ አባትህ?› በይኝ። ከዚያ ‹ፈረንጅ አይደለም፣ ኮሪያዊ ነው› እልሻለሁ።»

«እኔ የምጠይቅህ የአድራሻህን ዚፕ ኮድ ነው። አልሞላኸውም።»

ፍሬአብ ቁጥሩን ሞላ። ከዚያ ለመውጣት ጊዜ ፈጀ።

በማግስቱ እንደገና መጣ። «እስክሪብቶዬን ረስቻለሁ» አለ።

«የጻፍከው በእኛ እስክሪብቶ ነው። አንተ ይዘህ አልመጣህም።»

«ሶ፣ ነገ ይዤ እመጣና እረሳዋለሁ» አለ፤ «ሶ» የምትል የእንግሊዝኛ ቃል ከአፉ አትጠፋም።

ጋሼ ጉግሳ ከወረቀታቸው ላይ ቀና ሳይሉ «ያንተስ እስክሪብቶ ብዙ ቀን ሳይረሳ አይቀርም» አሉ። የሮሐ ጆሮ እስከ ጫፉ ጋለ።

እንደተባለውም ሆነ። ፍሬአብ በኮሪያ ሰፈር፣ ኦሎምፒክ ጎዳና ላይ፣ ልጆችን ዳንስ ያስተምራል፤ ራሱም እዚያው ይለማመዳል። ከልምምድ ሲመለስ አሮጌ መኪናውን ከቢሮው ኋላ ፓርክ አድርጎ ይጠብቃታል። ሮሐ በሩን ቆልፋ ትመጣና ጎኑ ትቀመጣለች። ብዙ አያወሩም። እሱ መሪውን በጣቱ እየመታ አዲስ ዜማ ያንጎራጉራል፤ እሷ የፊት መስታወቱን ታያለች። ድምፁ ትልቅ አይደለም። ሃውቶርን ከተማ ባለው የእናቱ ቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ ከእሱ የሚበልጡ ድምፆች አሉ። ግን ፍሬአብ ሲዘምር ሰው ትንፋሹን ይይዛል፤ ዓረፍተ ነገር ጀምሮ እንደማይጨርስ ሰው አድርጎ ስለሚዘምር፣ ሁሉም እንዲጨርስለት ይጠብቃል።

አንድ ቀን በዜማው መሐል ዝም አለና እጇን ያዘ። ሮሐ እጇን አየችው። የሌላ ሰው እጅ መሰላት፤ አልነጠቀችውም።

«ምን አሰብሽ?» አላት።

«ሰኞ ስንት ቀን እንደሚቀረው።»

«ቢሮ ስለናፈቀሽ?»

«ነገ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜና እሑድ አትመጣም።»

እሷ ከዚህ በላይ የፍቅር ቃል አልነበራትም። እሱም ከዚህ በላይ አልፈለገም።

በሜይ መጨረሻ ፍሬአብ ከሴኡል የመጣ ወረቀት አሳያት። አንድ የሙዚቃ ካምፓኒ አምስት ልጆች መርጦ አንድ ቡድን ሊያቋቁም ነው። ከአምስቱ አንዱ እሱ ነው። ሦስት ዓመት የተለማመደው ለዚህች ወረቀት ነበር።

«እንኳን ደስ ያለህ!» አለች፤ ድምጿም አልከዳትም።

«ቆይ፣ ገና ነው። መጀመሪያ የወታደሩ ነገር አለ።» ወረቀቱን አጠፈው። «አባቴ ኮሪያ አስመዝግቦኛል። ሶ፣ የእነሱም ዜጋ ነኝ። ዜጋ የሆነ ወንድ ሁሉ ወታደር ይሆናል። ሁለት ዜግነት ያለው ልጅ፣ አሥራ ስምንት በሚሞላበት ዓመት እስከ ማርች መጨረሻ የኮሪያውን ካልመለሰ ተያዘ።»

«አልመለስክም?»

«እናቴ ቀድማ ነው ቆንስላ የሄደችው። ፌብሯሪ 2022። እኔ የተወለድኩት 2004 መጨረሻ፤ እንዲያውም አንድ ወር ተርፎን ነበር። ቆንስላው መዝገቡን ገልጦ ‹ልጅሽ የተወለደው 2003 ነው፣ ጊዜው ዓምና አልፏል› አላት። አባቴ ነው! አንድ ዓመት አስረጅቶ አስመዘገበኝ። የገዛ ልጁን ልደት የማያውቅ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አባቱ መንገድ ሊሠራ ኢትዮጵያ የመጣ መሐንዲስ ነበር። ፍሬአብ አራት ዓመት ሲሞላው ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ በዓመት አንዴ ኢሜይል ይጽፋል። ፍሬአብ አጭር መልስ ይመልሳል። ከ2022 ወዲህ ግን ምንም አልመለሰም።

«እዚህ ብቀመጥ ማንም አይነካኝም» አለ። «እዚያ ሄጄ መድረክ ላይ ከወጣሁ ግን ከመድረኩ ላይ ነው የሚወስዱኝ። አሥራ ስምንት ወር። በዚህ ሥራ አሥራ ስምንት ወር ማለት ሞት ነው፣ ሮሐ። አብሮኝ ይለማመድ የነበረ ልጅ ሄዶ ተመለሰ። እሱ ሲመለስ የቡድኑ ዘፈን ተረስቷል፤ ሰዎቹ ሌላ ልጅ ወድደዋል። አሁን ሬስቶራንት ውስጥ ሥጋ ይቆርጣል።»

«ታዲያ ምን ይደረጋል?»

«ጠበቃው አንድ በር አለ ይላል። መዘግየቱ የእኔ ጥፋት እንዳልሆነ የሚያሳይ ወረቀት ካገኘሁ ማመልከት እችላለሁ። ማመልከቻው መግባቱን እስከ ጁን ሠላሳ ካሳየሁ ካምፓኒው ቦታዬን ይጠብቅልኛል።»

«ቢፈቅዱልህስ?»

«እሄዳለኋ!» አለና ወዲያው ፊቱ ተለወጠ። «ኮንትራቱ ሰባት ዓመት ነው። ሰባት ዓመት ፍቅረኛ እንዳይኖርህ ይላል።»

ከፊት ለፊታቸው የሥጋ ቤቱ ሠራተኛ ካርቶን እየጨፈለቀ ይጥል ነበር። ሁለቱም እሱን አዩት።

ሮሐ ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ ሳታስበው አንድ ነገር ተመኘች። ወረቀቱ እንዳይገኝ ተመኘች። ወዲያው አፈረች፤ ግን ተመኝታ ነበር።

ጁን ዘጠኝ፣ ሰኞ ጠዋት፣ የፍሬአብ እናት እትዬ ሮማን ቢሮ መጡ። ሚድ ሲቲ ሰፈር ይኖራሉ፤ ከፒኮ ጎዳና አውቶቡስ ይዘው ነው የመጡት። አረጋውያን የሚንከባከቡበትን የሥራ ልብስ እንደለበሱ ነበር። ጋሼ ጉግሳ ለጉዳይ ወጥተዋል።

«አንቺ ነሽ ሮሐ? እኔማ ልጄን የምታስቀረው ምን ያለች ናት ብዬ ልይሽ ነው» አሉና ሳቁ። «እንደዚህ ቀጭን አልጠበቅሁም።»

ወንበር አቀረበችላቸው። እትዬ ሮማን ወሬ ሲጀምሩ የሚያቆማቸው የለም። ልጃቸው ሲወለድ እንዴት እንደተቸገሩ አነሡ።

«የቁልቢ ገብርኤል ዕለት እኮ ነው! ከተማው ወደ ቁልቢ ተነቅሎ ሄዷል። ሐኪሙ የለ፣ ነርሷ የለች፣ ታክሲ የለ። እኔ ጴንጤ ነኝ፣ በዓሉን አላከብርም። ግን ያን ቀን ‹አንተ ገብርኤል፣ ሰዉን ሁሉ ወስደህ ለእኔ አንድ ሹፌር እንኳ ታጣልኝ?› አልኩት። ይቅር ይበለኝ!»

ሮሐ ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ቆመ።

ታኅሣሥ ገብርኤል ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ ነው። የፍሬአብ ወረቀት ላይ ያለው ዲሴምበር ሃያ ዘጠኝ 2004 ነው። በ2004 ግን ገብርኤል የዋለው ዲሴምበር ሃያ ስምንት ነበር። ሃያ ዘጠኝ የሚሆነው ጳጉሜ ስድስት ሆና ባለፈች ማግስት ብቻ ነው።

«በእኛ ስንት ዓመተ ምሕረት ነበር፣ እትዬ ሮማን?»

«ዘጠና ስድስት ነዋ። ምነው?»

«እንዲያው ነው።»

ዘጠና ስድስት። ሰባት ሲደመር። ሁለት ሺህ ሦስት።

እትዬ ሮማን ግንባሯን ስመዋት ሄዱ። ሮሐ የኋላውን ካቢኔት ከፈተች። አባቷ የተረጎሙትን ሁሉ ቅጂ ያስቀምጣሉ። እትዬ ሮማን መጀመሪያ ብቻቸውን በዲቪ መጥተው ነበር፤ ልጃቸውን ለማስመጣት የልደት ወረቀቱን ያስተረጎሙት እዚሁ፣ በ2009 ነው። ፓስፖርቱም፣ ሌላውም ሁሉ ያችን ወረቀት ተከትሎ ተሠራ።

አገኘችው። ላዩ ላይ አማርኛው፦ ታኅሣሥ 19 ቀን 1996። ሥሩ የአባቷ ትርጉም። ቀኑ ትክክል ነው፤ ዓመቱ 2004 ይላል። ሰባት መደመር ሲገባው ስምንት ተደምሯል። ከዚያ በታች በጠንቃቃ እጅ፦ «ትርጉሙ ትክክለኛና የተሟላ መሆኑን አረጋግጣለሁ። ጉግሳ»።

ኦክቶበር 2009 ነው። እናቷ ሆስፒታል ተኝታ ያልተነሣችበት ሳምንት።

ጋሼ ጉግሳ ሲመለሱ ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ አኖረችው። «አባዬ፣ ይህን እየው።»

መነፅራቸውን አደረጉ። ጣታቸውን ከአማርኛው ወደ እንግሊዝኛው አወረዱ፤ እንደገና ወደ ላይ መለሱ። ከንፈራቸው ይቆጥር ነበር። ከዚያ ጣታቸው ዓመቱ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ሰው አይቶታል?» አሉ።

ሮሐ ሌላ ነገር ጠብቃ ነበር። «እኔ አይቼዋለሁ።»

«ሌላ?»

«ማንም። አባዬ፣ ይህ እኮ የፍሬአብ ነው። ወታደር የሚያስገባው ይህ ነው። ተሳስቼ ነው ብለህ አንድ ደብዳቤ ብትጽፍለት ማመልከት ይችላል።»

አባቷ ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ጀርባቸውን እንደሰጧት ተናገሩ።

«ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ወንበር ተቀምጫለሁ። ስንት ሺህ ሰው ነው የተረጎምኩት? ነገ አንድ ሰው ‹ጉግሳ ዓመት ይስታል› ቢል፣ ሁሉም ወረቀቱን ይዞ አይመጣም? ኢሚግሬሽንስ ዝም ይላል? ሰውን ሁሉ ነው የማስጨንቀው።»

«ልጁስ?»

«ልጁ እዚህ ምን ጎደለው? የሚበላው አለ፣ እናቱ አለች።» ዘወር አሉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አንቺም አለሽ። ደብዳቤውን ብጽፍ ማን ነው የሚሄድብሽ? እኔ ሽማግሌ ነኝ ሮሐዬ፣ ግን ዕውር አይደለሁም።»

ልትቆጣቸው ፈለገች። የሚያስቆጣት ግን ነገሩ ውሸት አለመሆኑ ነው። ወረቀቱን አነሣች፤ ወደ ካቢኔቱ መለሰችው፤ ቆለፈችው። «ነገ እንነጋገራለን» አለች። በማግስቱም ነገ አለች።

በዚያው ሳምንት ፍሬአብ ለአባቱ ጻፈ። ‹ልደቴን ተሳስተህ እንዳስመዘገብክ ፈርምልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም› ብሎ። መልሱ ሲመጣ መኪናው ውስጥ ነበሩ። ስልኩን እንድታነበው ሰጣት። እንግሊዝኛው የተሰባበረ፣ አጭር ነበር።

‹ልጄ፣ እንዳልፈርም የሚያደርገኝ እውነቱ ነው። ያን ቀን ታቅፌሃለሁ። ዓመቱ 2003 ነው። አንተ ብትቀየመኝም ይህን አልስትም።›

«አየሽው?» አለ ፍሬአብ። «አሁንም ይዋሻል! አንድ ፊርማ! አንዲት ፊርማ ነው የለመንኩት።»

ሮሐ ስልኩን መለሰችለት። ‹አባትህ አልዋሸም› ለማለት አራት ሰከንድ አይፈጅም።

«አይዞህ» አለችው።

እንደዚህ ሦስት ሳምንት ሄደ። እስከ ጁን ሠላሳ የቀረውን ቀን ትቆጥራለች። ፍሬአብ ሲመጣ ሁሉንም ትረሳለች፤ ሲሄድ ሁሉም ይመለሳል። ጋሼ ጉግሳና እሷ በቢሮው ውስጥ «ስቴፕለሩን አቀብይኝ»፣ «እሺ» ብቻ ሆኑ። አንድ ቀን አባቷን ካቢኔቱ ፊት ቆመው አገኘቻቸው። ቁልፉን ይዘዋል፤ አልከፈቱም። ሲያዩዋት ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

ጁን ሠላሳ አለፈ። ካምፓኒው አራቱን ልጆች ይዞ አምስተኛ ሌላ ተካ። የአዲሱ ልጅ ፎቶ በኢንተርኔት ወጣ፤ ፍሬአብ ለሮሐ አሳያትና «ቆንጆ ነው፣ አይደል?» አለ። የዚያን ቀን አላንጎራጎረም።

ጁላይ አሥራ ሁለት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፌርፋክስን ተከትለው በእግራቸው ሲሄዱ ድንገት ቆመ።

«አስቤበታለሁ» አለ። «ከእንግዲህ አላለቅስም። እግዚአብሔር በሩን የዘጋው በምክንያት ነው። ሄጄ ቢሆን ኖሮ አንቺን አጣሽ ነበር። ሶ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሽማግሌ ወደ አባትሽ ልልክ ነው። ጋሼ ጉግሳ እምቢ ይሉኛል?»

ፊቱ የሳቀው በዓይኑ ብቻ ነበር፤ ግን የእውነቱን ነው። በእሷ ዝምታ የተዘጋውን በር እግዚአብሔር ዘጋው ብሎ፣ በዚያው በር ፊት ሊያገባት ነው።

«መኪናው ጋ እንሂድ» አለች። «መጀመሪያ ግን ከቢሮ የማመጣው አለ።»

ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አኖረችለት። ማስረዳት አላስፈለጋትም ማለት ይቻላል። አማርኛ ማንበብ አይችልም፤ ቁጥሩን ግን ያነባል። «ሰባት ነው የሚደመረው» አለች። «አባዬ ስምንት ደመረ። የተወለድከው በ2003 ነው። አባትህ ልክ ነበር።»

ከኋላቸው የሥጋ ቤቱ ማሽን ይጮኻል፤ ቆመ፤ እንደገና ጮኸ።

«መቼ አገኘሽው?»

«ጁን ዘጠኝ።»

«ጁን ዘጠኝ።» ቆጠረ። አየችው ሲቆጥር። «ኢሜይሉን ስናነብ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«‹አይዞህ› አልሽኝ።»

«አዎ።»

«ለምን?»

ብዙ መልስ አዘጋጅታ ነበር፤ አባቷን፣ ስማቸውን፣ የሰዉን ወረቀት። ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱም መልሱ አልነበረም።

«እንዳትሄድብኝ» አለች።

ፍሬአብ ወረቀቱን በጥንቃቄ፣ በእጥፋቱ ላይ አጠፈ። ቢጮኽ ይሻላት ነበር።

«እናትሽ መቼ እንደሞተች ነግረሽኛል፤ አባትሽ የሳቱት ሚስታቸው እየሞተች ነው። ያ ስህተት ነው፤ ማንም ይስታል። ያንቺ ግን ሃያ አንድ ቀን ነው፣ ሮሐ። በየቀኑ ጠዋት ተነሥተሽ እንደገና ነው የሠራሽው።»

«አውቃለሁ።»

«ውረጂ። እባክሽ።»

ወረደች። መኪናው ሳይነሣ ብዙ ቆየ። እሷም ግድግዳው ሥር ቆመች። በኋላ ተነሥቶ ሄደ።

ማታውን ለአባቷ ነገረቻቸው። ጋሼ ጉግሳ አልተቆጡም። በማግስቱ እሑድ ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው፣ በገዛ እጃቸው የጻፉትንና የፈረሙበትን ደብዳቤ ይዘው «ነይ» አሏት። ሚድ ሲቲ የእትዬ ሮማን በር ላይ ቆመው ኮፍያቸውን አወለቁ። ግቡ ሲባሉ አልገቡም።

«ሮማን፣ ልጅሽን የበደልኩት እኔ ነኝ። ተሳሳትኩ፤ ሳውቅ ደግሞ ደበቅሁ። ሁለተኛው ከፊተኛው ይብሳል።»

እትዬ ሮማን ደብዳቤውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ዓይናቸው አብጧል።

«ጋሼ ጉግሳ፣ ያን ሳምንት ባለቤትዎን ሆስፒታል መጥቼ ጠይቄ ነበር። እንዴት እንደነበሩ አይቻለሁ። ስለ ቁጥሩ ይቅር ብያለሁ። እኔም እኮ ቁጥሩን አላየሁትም፤ የገዛ ልጄን ልደት ወረቀት ነገረኝ።» ከዚያ ሮሐን አዩዋት። «ስለ አንቺ ግን ጌታ ይርዳኝ። ገና እየጸለይኩ ነው።»

ነገሩ በሰፈሩ ተሰማ። ጋሼ ጉግሳ እንደፈሩት ሰዎች የድሮ ወረቀታቸውን ይዘው መጡ፤ አንዳንዱ አፍሮ፣ አንዳንዱ ተቆጥቶ። አባትና ልጅ እየተቀመጡ ቅጂውን ሁሉ ከመጀመሪያው አዩ። ሌላ ሁለት ስህተት ተገኘ። ሁለቱም የዚያው ኦክቶበር ነበሩ። ጋሼ ጉግሳ ለሁለቱም ሰዎች ደብዳቤ ጻፉ። ከዚያ ወንበሩን ለሮሐ ለቀቁ፤ ከቤት መውጣትም ቀነሱ።

ፍሬአብ በኦገስት ሙቀትም፣ በሴፕቴምበርም አልደወለም። ወሬውን ከሰው ሰማች። ደብዳቤውን ለጠበቃው ሰጥቶ ነበር፤ ኮሚቴው ሲመረምር ከዓመት በላይ ይፈጃል፣ እምቢ ሊልም ይችላል ተባለ። ፍሬአብ ማመልከቻውን ተወው። ወታደር ሊሆን ነው አሉ፣ በፈቃዱ።

በኦክቶበር አጋማሽ አንድ መልእክት ደረሳት። «ቅዳሜ በአራት ሰዓት አምሃ ጋ ነኝ» ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም።

አምሃ ፌርፋክስ ላይ ፀጉር የሚቆርጥ፣ ሥራውንና ወሬውን እኩል የሚያውቅ ሰው ነው። ስትገባ ፍሬአብ ነጭ ጨርቅ አንገቱ ላይ ታስሮለት ተቀምጧል። በመስታወቱ አያት። በእጁ አጠገቡ ያለውን ባዶ ወንበር አሳያት።

«እንግዲህ ንገሪው እስቲ» አለ አምሃ ማሽኑን አንሥቶ። «ሰው ይህን ፀጉር ለማግኘት ስንት ይለፋል! እሱ ‹ሙልጭ አድርገው› ይለኛል።»

«ቁረጥ፣ አምሃ» አለ ፍሬአብ።

ማሽኑ ጀመረ። ጥቅልሉ ፀጉር በነጩ ጨርቅ ላይ እየተንሸራተተ ወረደ። ሮሐ እያንዳንዱ ሲወርድ አየች።

«መቼ ነው?» አለች።

«ሰኞ እበራለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ካምፕ እገባለሁ።»

«ማመልከቻውን ለምን ተውከው?»

«ኮሚቴው ዓመት ያስጠብቀኛል፤ መጨረሻው አይታወቅም። ይሄ አሥራ ስምንት ወር ነው፤ መጨረሻው ይታወቃል። ከዚያ እንደማንም ሰው ተሰልፌ እፈተናለሁ። እዚያ ወንድ ልጅን መጀመሪያ የሚጠይቁት ‹ጨርሰሃል?› ብለው ነው። ‹አዎ› እላቸዋለሁ። ሃያ ሦስት ዓመት ይሆነኛል። ለዳንሰኛ ሽማግሌ ነኝ፤ ለዘፋኝ ግን ገና ነው ይላሉ።» ትንሽ ቆየ። «አባቴ ኤርፖርት ይመጣል። አራት ዓመት መልስ ያልሰጠሁትን ኢሜይል ሁሉ ቁጭ ብዬ መለስኩ።»

«ደስ ብሎኛል።»

«እኔም። ለዚህ ግን አላመሰግንሽም።»

«አታመስግነኝ።»

አምሃ ወሬ የሚወድ ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን ሬዲዮውን ዝቅ አድርጎ አፉን ዘጋ።

«ይቅር ብለኸኛል?» አለች ሮሐ። ሦስት ወር ሙሉ የያዘችው ጥያቄ ነው፤ ሲወጣ ግን ትንሽ ሆነ።

ፍሬአብ በመስታወቱ ውስጥ አሰበበት። «አላልኩሽም። ልልሽ ብዬ ነው የጠራሁሽ፤ ስትገቢ ሳይሽ አልመጣልኝም።»

«እሺ።»

«ጠብቂኝም አልልሽም።»

«እሺ።»

«መጀመሪያ አምስት ሳምንት ስልክ የሚሰጡን እሑድ እሑድ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ላልደውል እችላለሁ። ከደወልኩ ግን ለጠየቅኩሽ ሁሉ እውነቱን ነው የምትነግሪኝ። የሚያምም ቢሆንም፣ የምሄድብሽ ቢሆንም።»

«እነግርሃለሁ።»

አምሃ ማሽኑን አጠፋ። ጨርቁን አራገፈ። በመስታወቱ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ፍሬአብን ይመስላል፤ ግን አጥንቱ ወጥቷል፣ ጆሮው ከራሱ ላይ ተነጥሎ ቆሟል።

ፍሬአብ ወንበሩን አዞረና ፊት ለፊት አያት። «አሁን ጀምሪ» አለ። «እንዴት ነኝ?»

ሮሐ ጊዜ ወሰደች። እንደ ሥራዋ፣ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አስቀያሚ ነህ» አለች።

«ኧረ በስመአብ!» አለ አምሃ።

ፍሬአብ አንድ ጊዜ አፍንጫው ሰፋ፤ ከዚያ ፊቱ ተሰበረ። ሳቁ ይሁን ለቅሶው ሮሐ አልለየችውም። እሱም የለየው አይመስልም። ተነሥቶ ጃኬቱን ለበሰ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ትከሻዋን ነካ አደረገና ወጣ።

አምሃ መጥረጊያውን አንሥቶ ወደ ወንበሩ መጣ። ሮሐ አሁንም ተቀምጣለች፤ መሬቱ ላይ የወደቀው ፀጉር በሁለቱ ወንበሮች መካከል ነበር። አምሃ አየው፣ አያት፣ መጥረጊያውን ወደ ጥጉ መለሰው። ከዚያ በሩን ከፍቶ ለቀጣዩ ሰው «ትንሽ ጠብቀኝ፣ ወንድሜ» አለው።